ወንድሜ በአባታችን ለቅሶ ላይ የተናገረኝ ቃል፤ ይቅር ማለት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

የሸዋው ታናሽ | መጋቢት 12፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። ረዘም ይላል፣ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

አባቴ ጥር 14 ቀን ደብረ ብርሃን ላይ አረፈ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አባባ ከትዳሩ ውጭ የወለደኝ ልጅ ነኝ። የ4 ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ስትሞት ወደ ቤቱ ወሰደኝ፣ ያሳደገችኝ ሚስቱ ናት። «እትዬ» ነው የምላት። በ29 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ ተቆጥታ እንኳ፣ ከሆዷ አለመውጣቴን አንስታብኝ አታውቅም። ታላቅ ወንድሜ በ9 ዓመት ይበልጠኛል። «ጋሼ» እያልኩት ነው ያደግሁት። አንደኛ ክፍል ስገባ በዚያ የደብረ ብርሃን ውርጭ እጄን በካፖርቱ ኪስ ከቶ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ የነበረው እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው በሠልስቱ ዕለት ነው። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ከጓዳ የንፍሮ ሰፌድ ተቀብዬ ወደ እንግዳው ስወጣ ጋሼ የዕድሩን ወንበር እያስቆጠረ በሩ ላይ ቆሟል። ሰፌዱን ያዘና «አስቀምጠው። የአባቴን እንግዳ ዲቃላ አያስተናግድም» አለኝ። አልጮኸም። እንደ ማንኛውም ነገር በተራ ድምፅ ነው የተናገረው። በሩ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን ሰምተዋል። እትዬም ሰምታለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አንገቷን ደፋች። ሰፌዱ ሲናጠቅ ጥቂት ስንዴና ሽምብራ መሬት ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ሌላ ምን እንደማደርግ ስላጣሁ ነው የለቀምኩት።

ምንም አልመለስኩም። ሰው ሁሉ «ጨዋ ልጅ ነው፣ ቻለው» አለኝ። እኔ ግን እንዳልቻልኩት አውቃለሁ። ያን ቀን ያልመለስኩት መልስ አሁን ሌሊት ሌሊት ይመጣል። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ራሴን አገኘዋለሁ።

የአባባ አርባ ጾሙ ውስጥ ስለዋለ ድግስ አልነበረም፣ እሑድ ቤተሰቡ አንድ ላይ አስቀደስን። እኔና እሱ ጎን ለጎን ነበርን። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» (እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ተሳለሙ) ሲል ሰው ሁሉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞሮ እጅ ተነሣሣ። እኔ ወደ ግራ ብቻ ዞርኩ። እሱ በቀኜ ነበር። ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ሳልቆርብ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሲደውል «ጋሼ» የሚለው ከአፌ አልወጣ አለኝ። «አቤት፣ እሺ፣ ደህና ዋል» ብቻ። በስሙ ጠርቼው ደግሞ አላውቅም። ስለዚህ አሁን ወንድሜን የምጠራበት ነገር የለኝም።

ይቅር ማለት እፈልጋለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ ድምፄ ይቀንሳል። ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

---

እናት ዓለም | መጋቢት 12፣ ማታ

የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ የአባትህንም ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሳድጌ የልጅ ልጅም አይቻለሁ። ያን ንፍሮ ስትለቅም አብሬህ ለቀምኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እትዬህ ከዚያ ወዲህ ምን አለችህ?

---

የሸዋው ታናሽ | መጋቢት 12፣ ሌሊት

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገረችም። የዚያን ማታ ግን እንግዳው ሲቀንስ ጓዳ ጠራችኝና ከራሷ መሶብ ቆርሳ አጎረሰችኝ። ለራሷ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ነበር። ከዚያ «ለሱም አጉርሰው» አለችኝ። አልቻልኩም፤ ወጣሁ።

---

የሐዋሳው | መጋቢት 13፣ ጠዋት

ወንድሜ፣ ጌታ ያጽናናህ። እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። ቅዳሴውን እንዳንተ ባላውቀውም ሕመሙን አውቀዋለሁ።

የዛሬ 5 ዓመት በአጥቢያችን የግንባታ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሒሳብ ጎደለ። አብሮኝ ያደገ ወንድም በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «ሌባ ከመሠዊያ አይበላም» አለ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። በኋላ ሲጣራ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ነው። ሒሳቡ ተስተካከለ፣ ቃሉን ግን ማንም ተነሥቶ አላስተካከለውም።

መጽሐፉ «የሚረግሙአችሁንም መርቁ» ስለሚል በየጠዋቱ በስሙ ልጸልይለት ወሰንኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ጸሎት ሳይሆን ክስ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ አሳየው፣ አዋርደው» ነው ያልኩት። ግን አላቆምኩም። አንድ ቀን እናቱ ሆስፒታል መግባቷን ሰምቼ ነበርና፣ ስጸልይ ሳላስበው «እናቱን ማርለት» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። እዚያ ላይ አንድ ነገር ተፈታ። ቁስሉ ዳነ አልልህም፣ ሰውዬው ግን ከዚያ ስብሰባ ወጥቶ እንደገና ሰው ሆነልኝ።

ጸጋ ማለት እኮ ለማይገባው የሚሰጥ ነው። «ገና ኃጢአተኞች ሳለን» ነው የሚለው የሮሜ መልእክት፤ ከተስተካከልን በኋላ አይደለም የሞተልን። ወንድምህ እስኪገባው ከጠበቅህ ረጅም ትጠብቃለህ።

---

ከቤይሩት | መጋቢት 13፣ ከሰዓት

ሁላችሁንም አክብሬ አንድ ነገር ልናገር። እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ አንገቴ ላይ ማተቤ አለ። ግን የይቅርታ ስብከት ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው፦ ወደ ታናሽ፣ ወደ ድሃ፣ ወደ ሴት፣ ወደ ሠራተኛ። ታላቁን ማን ሰበከው? «ዲቃላ» ያለውን ሰው ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ «ተው፣ ነውር ነው» ብሎታል? አንተን «ቻለው» ማለት ቀላል ስለሆነ ነው።

ሰው ቤት 2 ዓመት ሠርቻለሁ። ፓስፖርቴ አሠሪዬ ጋ ነበር። ስሜን አታውቀውም፤ «ሐማራ» ነበር የምትለኝ፣ አህያ ማለት ነው። ልጆቿም ከሷ ሰምተው እንደዚያ ይጠሩኝ ነበር፣ ትንሹ ስሜ መስሎት። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን ደግሞ ይቅርታ ብዬ ጠራሁት። ይቅርታ ግን አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር። ይቅር ያልኳት ከቤቷ ከወጣሁ በኋላ ነው። እመብርሃን ትመስክር፣ ዛሬ ቂም የለኝም። ቤቷ ግን አልመለስም።

ወንድሜ፣ ይቅር በል። ግን ዝምታህ ይቅርታ እንዳይመስልህ።

---

ዲያቆን ነኝ | መጋቢት 14፣ ማታ

እኅታችን ከቤይሩት የጻፈችው ከልብ የገባ ነው። ከመጽሐፍ ጋርም አይጋጭም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ሎሌ በጥፊ ሲመታው ምን አደረገ? ዮሐንስ 18፥23ን ተመልከቱ፦ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው። ሌላውን ጉንጭ አዙሩ ያለው እርሱ ራሱ ነው። ሎሌውን አልረገመውም፣ እጁንም አላደረቀበትም። ግን ጥፊው ጥፊ እንዳልሆነ አድርጎም አላለፈውም። ጠየቀው። በዚያው ሌሊት አድሮ በመስቀል ላይ «አባት ሆይ፥ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» አለ። ሁለቱም የአንድ አፍ ቃሎች ናቸው።

ሳይነገር የተዳፈነ ነገር ምን እንደሚሆን ደግሞ በንጉሥ ዳዊት ላይ እናያለን። ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ሲወጣ ሳሚ የሚባለው የሳኦል ወገን ድንጋይ እየወረወረ «አንተ የደም ሰው» እያለ ሰደበው። አቢሳ «ልሂድና ራሱን ልቁረጠው» ቢል ዳዊት ከለከለ። ሲመለስም «አትሞትም» ብሎ ማለለት። እኛ ይህን ክፍል ስናነብ እዚህ ላይ እናቆማለን። ግን መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 2ን ግለጡ፤ ሊሞት አልጋ ላይ ሳለ ሳሚን ለሰሎሞን አስታወሰው፣ ሽበቱንም ከደም ጋር ወደ መቃብር እንዲያወርድ አደራ ሰጠው። ያ ስድብ ያን ሁሉ ዓመት ከውስጡ አልወጣም ነበር ማለት ነው። መምህራን ይህን ክፍል በሌላ መንገድም ይተረጉሙታል፣ እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር በሰውነቴ እፈራለሁ።

ስለዚህ የኔ ወንድም፣ ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን መንገድ ያዝ፦ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» ነው የሚለው። ሽማግሌ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለንስሐ አባትህም ንገራቸው። አንድ ደግሞ፦ ሰሙነ ሕማማት ከገባ በኋላ የይሁዳን መሳም እያሰብን አንሳሳምም፣ መስቀልም አንሳለምም። ከቻልክ ከሆሳዕና በፊት ሂድ፣ ጉንጩን ስመህ እንድትመለስ።

---

እናት ዓለም | መጋቢት 14፣ ማታ

በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ «ማሩኝ» ብሎ እግር ላይ ይወድቃል፣ የተበደለው ደግሞ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ድንጋዩ ከባድ ነው፣ ግን ከትከሻ ይወርዳል። ሽማግሌ ስላልገባበት ድንጋዩን አሁን የተሸከምከው አንተ ነህ፣ የኔ ልጅ። የዲያቆኑን ምክር ስማ። እትዬህ «ለሱም አጉርሰው» ያለችህ ለሱ ብላ ብቻ አይመስለኝም። ሁለታችሁም ልጆቿ ናችሁ።

---

የሸዋው ታናሽ | መጋቢት 15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። የአባባ ቤት አለ፣ ወራሽነትም ገና አልተጣራም። ጋሼ (እዚህ ላይ መጻፍ ቻልኩ) ያን ቃል የተናገረው በሱ ምክንያት ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ። ይቅር ካልኩ ድርሻዬንም መተው አለብኝ? አንዳንዱ «ክርስቲያን ከሆንክ ተውለት» ይለኛል። የዮፍታሔን ታሪክ አስባለሁ፤ ወንድሞቹ «የሌላ ሴት ልጅ ነህ፣ አትወርስም» ብለው ያሳደዱትን።

---

ጠበቃ | መጋቢት 15

ሕጉን ባጭሩ ልንገርህ፣ ቢያንስ እሱ እንዳያስጨንቅህ። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ (የ1952) አንቀጽ 836 በጋብቻ መወለድና አለመወለድ በውርስ መብት ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 4 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። ስለዚህ ያ ቃል በሕግ ፊት ምንም አይደለም። ልጅ ነህ።

ድርሻህን ብትወስድም ብትተውም ያንተ ፈቃድ ነው። ግን ከሥራዬ ያየሁትን ልናገር። ለእርቅ ብለው ድርሻቸውን የሚለቁ ሰዎች አሉ፣ ከ10 ዓመት በኋላ በልጆቻቸው በኩል ተመልሰው ችሎት ይመጣሉ። ቃሉን ይቅር ማለትና ቤቱን መካፈል ሁለት ጉዳዮች ናቸው። በአንድ ቀን፣ በአንድ አፍ አትናገራቸው። ለይቅርታ ስትሄድ ስለ ቤት አንዲት ቃል አታንሣ።

---

ስሜን ልተው | መጋቢት 17፣ ሌሊት

እዚህ ሁሉም የጻፈው የተወጋ ሰው ነው። እኔ የወጋሁ ነኝ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ስለ ሁለተኛው ልክ ነው፣ ስለ መጀመሪያው ግን ሁልጊዜ አይደለም። የዛሬ 11 ዓመት ታናሽ እኅቴን በልጄ ክርስትና ላይ፣ በማይረባ ነገር ተጣልተን፣ «አንቺ መካን» አልኳት። ጨቅላውን አቅፋው ነበር። ቀስ ብላ አስተኛችው፣ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። እሷን ከማወቄ የተነሣ የቱ ጋ እንደሚያማት አውቄ ነው የተናገርኩት። ንዴት ነው እላለሁ ለሰው፣ ግን መርጬ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ታመምኩ። መጣች፤ አጠበችኝ፣ አጥሚት ሠራችልኝ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አደረሰች። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አላነሣችም። ሰው «እንዴት ያለች መልአክ ናት» አለ። እውነት ነው፣ መልአክ ናት። እኔ ግን በየቀኑ «ዛሬ ታነሣዋለች» እያልኩ 4 ዓመት ኖርኩ። ስላላነሣችው ይቅርታ ለመጠየቅ በር አጣሁ። ድፍረቱም አልነበረኝም። ከእጇ ስቀበል ቡናው ይመረኝ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ማታ ዕቃ እያጠብን «ታስታውሽዋለሽ?» አልኳት። እጇ ውኃ ውስጥ እንዳለ «በየቀኑ» አለችኝ። ሁለታችንም እዚያው ቆመን አለቀስን።

ለወንድምህ ይቅር ማለትህን በልብህ ብቻ አትያዘው። ንገረው። በምን እንደወጋህ ንገረው። አንተ ካልነገርከው ምናልባት እሱም እንደ እኔ በር አጥቶ ይሆናል።

---

ከቤይሩት | መጋቢት 17፣ ሌሊት

እኅቴ፣ ይህን ለመጻፍ ስንት እንደታገልሽ ይገባኛል። ከበዳይ በኩል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይባርክሽ።

---

የሸዋው ታናሽ | ሚያዝያ 4፣ ጠዋት

ሰላም ለናንተ። ትናንት ዓርብ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። የሆነውን ልነግራችሁ ይገባል።

ከመሄዴ በፊት የንስሐ አባቴን አነጋገርኩ። የሐዋሳው ወንድሜ እንዳለኝም በየጠዋቱ በስመ ክርስትናው ጸለይኩለት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እሱ እንዳለው ክስ ነበሩ።

ቤት ስደርስ ጋሼ የአባባን አጥር ያድሳል። ጎርፍ የጣለውን እንጨት እያነሣ ያስራል። እኔም ጃኬቴን አውልቄ ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩለት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳንነጋገር ሠራን። ከዚያ መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና እንዲህ አልኩ፦ «ጋሼ፣ የሠልስቱ ዕለት ‹ዲቃላ› ብለኸኛል። እትዬ ፊት። በጣም አሞኛል፣ እስከ ዛሬም ያመኛል። ቂም ልይዝብህ ግን አልፈልግም፤ ይቅር ለእግዚአብሔር። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ሽቦውን ጠመዘዘ፣ ጠመዘዘ፣ እስኪበጠስ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «አባባ የመጨረሻዋ ሌሊት ሲቃትት አንተን ነበር የጠራው» አለኝ። «ራሱን ደግፌ ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ስም ሲጠራ የሰማሁት ግን ያንተን ነው።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም።

ሌላ ብዙ አላወራንም። ቀና ብዬ ሳየው እጁ በሽቦው ደምቷል። በመሐረቤ አሰርኩለት። እትዬ ለምሳ ጠራችን። ስንገባ በእኛ ቤት ልማድ ታናሽ ነው ውኃ የሚያስታጥበው፣ ማስታጠቢያውን ላነሣ ስል ጋሼ ቀደመኝ። በታሰረው እጁ አስታጠበኝ። እትዬ ሽሮውን እያወጣች አየችን፣ ምንም አላለችም። ቆርሳ ግን በመጀመሪያ ለሱ አጎረሰችው፣ ከዚያ ለኔ። እኔም ለሱ አጎረስኩት።

ስለ ቤቱ አላነሣሁም።

---

ከቤይሩት | ሚያዝያ 4

እልል! አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ ቅር አይበልህ። ይቅርታ ጠየቀህ?

---

የሸዋው ታናሽ | ሚያዝያ 4፣ ማታ

ቅር አይለኝም። በአፉ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም፤ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ያ ቃል አንዴ ተመልሶ መጥቶብኛል። ሸኖ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም እንደገና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፣ ብቻዬን።

አሁን ከአንድ ሰዓት በፊት ደወለ። ለሆሳዕና እትዬን ይዟት እንደሚመጣና በእኔ አጥቢያ አብረን እንደምናስቀድስ ነገረኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩት።